በጠባብ አስቤዛ ከኬሚካል የራቀ ምግብ፦ ለመሃል አዲስ አበባ ቤተሰብ የተዘጋጀ መመሪያ

በመሃል ከተማ ሱፐርማርኬቶች «ኦርጋኒክ»፣ ማለትም ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የለማ፣ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ እየበዛ ነው። ዋጋው ከጎኑ ካለው ተራ ዕቃ በእጅጉ ይበልጣል። በደሞዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ያንን መደርደሪያ ዝም ብሎ ቢያልፈው የሚቀርበት ነገር የለም። ሕጉ አለን፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ቆይቷል። በተግባር ግን የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የሚወጣለት በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚላከው ቡና፣ ሰሊጥና ማር ነው። ስለዚህ ቃሉን ባያችሁ ቁጥር የመረመረው ድርጅት ስም ከሥሩ ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። ስም ከሌለ የምትከፍሉት ለወረቀቱ ነው።

እዚህ የቀረበው መንገድ ሌላ ነው። ኬሚካልና ብክለት የሚያሰጋው የቱ ምግብ ላይ እንደሆነ ለይቶ ጥንቃቄውንም ብሩንም እዚያ ላይ ማዋል፤ የቀረውን ማዕድ ደግሞ ገበሬው ብዙ መድኃኒት በማያወጣበት፣ ዋጋውም በሚቀመስ እህል ላይ መመሥረት።

እርምጃ 1፦ ከገበያ በፊት ዝርዝሩን በሦስት ረድፍ ጻፉ

የወሩን አስቤዛ በሙሉ ወረቀት ላይ አስፍሩና እያንዳንዱን ዕቃ ከሦስት ረድፎች በአንዱ ሥር አስገቡት።

የመጀመሪያው ረድፍ በባሕሪው ኬሚካል እምብዛም የማይነካው ነው። ቆጮና ቡላ እዚህ ይገባሉ፤ እንሰት ጓሮ ውስጥ በከብት ፍግ ነው የሚያድገው። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር መሬት ላይ ተዘርቶ በተረፈው እርጥበት ይበቅላል፤ ናይትሮጅኑንም ከአየር ራሱ ስለሚያገኝ ዩሪያ የሚያፈስበት ገበሬ ጥቂት ነው። ተልባና ኑግም ብዙ ጊዜ ያለ ማዳበሪያ ይዘራሉ። ክረምት ላይ ከትግራይ እየመጣ በየመንገዱ የሚሸጠውን በለስ፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነውን አቮካዶና ዱባውን እዚሁ ጨምሯቸው።

ሁለተኛው ረድፍ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ነው። «የሀገራችን ጤፍ ደግሞ ምን ኬሚካል አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት። ማዳበሪያ ይገባበታል፣ ለአረሙም ቱ-ፎር-ዲ ይረጫል። ነገር ግን የሚረጨው ቡቃያው ገና ትንሽ ሳለ፣ ከአጨዳው ብዙ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ «ኦርጋኒክ ጤፍ» ብሎ በኪሎ ላይ ደህና ብር የሚያስጨምር ነጋዴ ቢገጥማችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አስቀሩት። በዚህ ረድፍ ከእርሻው ይልቅ የሚያሰጋው መጋዘኑ ነው፤ እሱን እርምጃ 4 ላይ እንመጣበታለን።

ሦስተኛው ረድፍ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ነው። አዲስ አበባ የምትበላው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው ከመቂና ከባቱ ዙሪያ በመስኖ ለምቶ የሚመጣ ነው። በተለይ ቲማቲም ላይ ቱታ የሚባለው ቦርቧሪ ትል በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሀገር ከገባ ወዲህ ርጭቱ በርትቷል። ቲማቲም በዙር በዙር ስለሚለቀም፣ ዛሬ ተረጭቶ ከነገ ወዲያ ገበያ የሚወጣበት አጋጣሚ አለ። እንግዲህ ዓይናችሁም ብራችሁም የሚያስፈልገው እዚህ ረድፍ ላይ ነው።

እርምጃ 2፦ ቅጠል ስትገዙ አገሩን ጠይቁ

ለመሃል ከተማ ነዋሪ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። «ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ መድኃኒት፣ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ» ተብሎ የሚቀርብላችሁ ለምለም ቆስጣና ሰላጣ፣ የተባለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያ አልነካውም፤ ዛሬ ጠዋትም ተቆርጧል። የበቀለው ግን አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ትንሹ አቃቂ ከኮልፌና ከመርካቶ በኩል የሚወርደውን ፍሳሽ ተሸክሞ በመካኒሳና በላፍቶ ያልፋል። ቀበናና ባንትይቀጡም የመሃል ከተማውን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የጋራዥ ዘይት ይዘው ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላሉ። በዚህ ውሃ የሚለሙ ቅጠሎች ላይ የአንጀት ተሕዋስያንና የወስፋት እንቁላል፣ ውስጣቸው ደግሞ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በተደጋጋሚ ምርመራ ተገኝተዋል። ተሕዋስያኑን እሳት ይገድላቸዋል። ብረቱ ግን ቅጠሉ ውስጥ የሰረጸ ነውና በጨውም እጠቡት፣ በሎሚም ዘፍዝፉት፣ ቀቅሉትም፣ አይወጣም።

ጥያቄው እንግዲህ «ኬሚካል አለው ወይ?» ሳይሆን «ከየት ነው?» ነው። ጉልት ላይ እንዲህ ይጠየቃል፦

«እማማ፣ ጎመኑ ከየት ነው የመጣው?»

«ከገጠር ነው ልጄ፣ ንጹሕ ነው።»

«ከየትኛው ገጠር?»

«ከገጠር» መልስ አይደለም። «የሆለታ ነው፣ ሌሊት ከመኪና ላይ ነው የምረከበው» ወይም «የሰንዳፋ ነው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው የሚገባልኝ» ብላ ቦታና ቀን የምትነግራችሁን ባለ ጉልት ያዟት። ዓይናችሁም ይረዳችኋል። የወንዝ ዳሩ ቅጠል ቅርብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሸክም ወይም በጋሪ፣ ገና ውሃ እያንጠባጠበ ይደርሳል። የሩቁ ከረጢት ውስጥ ታጭቆ ሌሊቱን ስለሚጓዝ ጠርዙ ጠውለግ ይላል፣ ጎመኑም ይተሻሻል። ለምለም መምረጥ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ሐሳቡን ይለውጥ፤ ትንሽ የጠወለገው ይሻላል። ትል የበሳው ቅጠል መድኃኒት አልተረጨበትም የሚለው አባባል በከፊል ያስኬዳል፤ ስለ ውሃው ግን ምንም አይነግራችሁም።

አንዷን ባለ ጉልት ደንበኛ ካደረጋችሁ በኋላ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ሂዱ። የሚመጣ ደንበኛ እንዳላት ስታውቅ ጥሩውን እስር ለይታ ታስቀምጣለች፤ «መርቂልኝ» ስትሏት የምትጨምርላችሁ ቃሪያ ወይም ነጭ ሽንኩርትም በወር ሲታሰብ ቀላል አይደለም። መልሷ ካላረካችሁ ደግሞ ሳትጨቃጨቁ ወደ ድንች፣ ዱባ ወይም ጥቅል ጎመን ዙሩ። ጥሬውን የሚበላው ሰላጣ ምንጩ ካልታወቀ ከዝርዝሩ ይውጣ።

እርምጃ 3፦ ብሩን ከአዝመራው ጋር አስኪዱት

ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ጥር ላይ ገበያውን ይሞላዋል። ሽምብራና ምስር ከጥር እስከ የካቲት ይደርሳሉ። ዛላ በርበሬ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጎተራው የሚራቆትበት፣ መንገዱም የሚበላሽበት ጊዜ ስለሆነ የእህልም የሽንኩርትም ዋጋ ጣራ ይነካል። ጥር ላይ የስድስት ወር ጥራጥሬ የገዛ ቤት ክረምቱን ዘና ብሎ ይሻገራል።

ችግሩ ጥር ላይ ያን ያህል ብር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ከጎረቤት ጋር ከመስከረም ጀምራችሁ ለእህል ብቻ የሚሆን ገንዘብ በየሳምንቱ አስቀምጡ። እንደ እቁብ ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፤ ዕጣ ግን አይውጣበት፣ ብሩ ጥር ላይ በአንድ ጊዜ ይከፈት። አንድ ኩንታል ጤፍ ለሦስት ወይም ለአራት ቤት ሲካፈል ለእያንዳንዱ የወር ሁለት ወር ቀለብ ይወጣዋል፤ የተሸካሚውና የመኪናው ሒሳብም ይከፋፈላል። መርካቶ እህል በረንዳ ወይም ሾላ ገበያ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ሲደራደር ሌላው ጆንያው ላይ ዓይኑን አይንቀል። ቀይ ወይም ሰርገኛ ጤፍ ከማኛው በዋጋ ይቀንሳል፣ በንጥረ ነገር ግን አያንስም። ነጭ እንጀራ ለእንግዳ ነው።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለአንድ ቤተሰብ ጓዝ ብሎ እዚያ ድረስ መውረድ የታክሲውን አያወጣም። የቅዳሜና እሁድ ገበያው ይቀርባል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበር ሱቅንም አትናቁት፤ ዕቃ ሲገባ ወረፋ አለው እንጂ ዋጋው ያዋጣል።

የወሩን ብር ስትመድቡ ከየአሥሩ ብር ስድስቱን ለደረቅ እህልና ጥራጥሬ፣ ሁለቱን ተኩሉን ለአትክልትና ፍራፍሬ፣ የቀረውን ለዘይት፣ ለእንቁላልና ለቅመም አድርጉ። ሥጋ የበዓል ይሁን።

እርምጃ 4፦ እህሉ ቤት ከመግባቱ በፊት

ኬሚካል ሳይነካው ያደገ ሽምብራ መጋዘን ውስጥ ሊነካው ይችላል። ነቀዝ እንዳይበላው ክኒን ይጣልበታል። ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዙን ይገድልና ይበናል፣ የሚቀረው ግራጫ ዱቄት ነው። ነጋዴውን «ክኒን መቼ ገባበት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ገብቶበታል ወይ?» ካላችሁት «ኧረ በጭራሽ» ነው የሚላችሁ።

ጆንያውን ቤት ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ፍቱት። እህሉን ሸራ ላይ ዘርግታችሁ ሁለት ቀን ነፋስ ያግኘው፤ ማታ ማታ ሸፍኑት። ከዚያ በወንፊት ንፉት፣ ግራጫ ዱቄት ወይም ያልሟሟ ክኒን ካገኛችሁ በእጃችሁ ሳትነኩ አስወግዱት። ክኒን ያለበትን ጆንያ ሰው በሚተኛበት ክፍል ማሳደር ይገድላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጆንያና አልጋ ጎን ለጎን መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ ነው።

ስትለቅሙ ጓያን ለዩ። አተር ክብ ነው፤ ጓያ ግን ጎንና ጎኑ የተጠረበ፣ ሽብልቅ የመሰለ፣ ግራጫማ ዝንጉርጉር ነው። ከሁሉም ርካሽ ስለሆነ ሽሮና ክክ ውስጥ ይቀላቀላል። አልፎ አልፎ ቢበላ አይጎዳም፤ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ከዘለቀ ግን እግርን ሽባ ያደርጋል። ርካሽ የተፈጨ ሽሮ የማያስተማምነው በዚህም ጭምር ነው።

ቀጥሎ ድርቀቱን ፈትኑ። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በእህሉ ሙሉ፣ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩበት፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁትና ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ተንሸራትቶ ከወረደ ለማስቀመጥ ደርሷል።

የሚቀመጠው አየር በማያስገባ ዕቃ ነው። ነቀዝም እንደኛው ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲያልቅበት ይሞታል። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን ሽታው እስኪለቅ በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ እስከ አፉ ድረስ ይሞላ፤ ጎዶሎ ከሆነ ነቀዙ የሚተነፍሰው አየር ያገኛል። ምስርና ክክ በሃይላንድ ቢታሸግ የበለጠ ይመቻል፤ አንዷን ስትከፍቱ ሌሎቹ እንደታሸጉ ይቆያሉ። ለኩንታሉ ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት አለ፤ ዋጋው ከተራ ጆንያ ይወደዳል እንጂ ክኒንን ጨርሶ ያስቀራል። በመንገድ ላይ የተገዛና ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ጀሪካን ግን ለውሃም ለእህልም አይሆንም።

ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ለውዝ ወይም በርበሬ ካጋጠማችሁ ጣሉት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በምጣድ አይጠፋም።

እርምጃ 5፦ ሽሮውን እቤት አዘጋጁ

ጠባብ አስቤዛ ያለው ቤት በጣም የሚያተርፈው እዚህ ነው፤ ሱቅ ላይ ከሚሸጠው ባለ ፌስታል ሽሮ ርካሽም ነው፣ የገባበትም ይታወቃል።

ሦስት ኪሎ አተርና ሁለት ኪሎ ሽምብራ ልቀሙ። ውሃ አፍልታችሁ እህሉን አንድ ጊዜ ብቻ ገንፈል አድርጋችሁ አውጡት፣ አጥልሉትና በፀሐይ አድርቁት፤ ይህ ገለባው በቀላሉ እንዲለቅ ያደርገዋል። ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ አምሱት። ምልክቱ ቀለሙ አይደለም፣ ሽታው ነው፤ የቆሎ ሽታ ደረጃው ድረስ ወጥቶ ጎረቤት «ቆሎ ነው እንዴ?» ሲል በቅቷል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሽሮው ይመራል። አስከክታችሁ ገለባውን በሰፌድ አውጡ።

ግማሽ ኪሎ የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ሩብ ኪሎ ዝንጅብል በስሱ ተከትፈው በፀሐይ ይድረቁ። በሶብላ አንድ እፍኝ፣ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ እንደየቤቱ። ኮረሪማ ስለሚወደድ በቁጥር የሚገዛው ቤት አንድ ሦስት ፍሬ ቢያደርግ አይጎድልበትም። ምጥን የምትወዱ ከሆነ የራሳችሁን በርበሬ ጨምሩበት።

ወፍጮ ቤት በጠዋት ሂዱና ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በቆሎ ወይም በርበሬ ከነበረ ከእናንተ ክክ አንድ እፍኝ አስቀድማችሁ አስገቡና የወጣውን ለብቻው ያዙት። አብዛኞቹ ወፍጮ ቤቶች ይህን ሲጠየቁ ፊት ያጠቁራሉ፤ አትፈሩ።

በርበሬም በተመሳሳይ መንገድ ነው። የተፈጨ አትግዙ፤ ድቃቂ ሸክላና ቀለም እየተቀላቀለበት የተያዘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዛላውን የማረቆ ከሆነ ደግሞ እሰየው፣ በፈረሱላ (17 ኪሎ ነው) ከጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ አድርቃችሁ አስፈጩ። ዛላው ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ወይም ነጭ ብናኝ ካለበት ሻጋታ ነው፣ አይነሣ።

እርምጃ 6፦ ሳምንቱን በጾሙ ላይ አቁሙት

ረቡዕና አርብ የሚጾም ቤት ሥራው በግማሽ ተጠናቆለታል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ 15 ቀን ሲጨመር እናቶቻችን ከጥራጥሬና ከቅባት እህል የሚሠራ ስንት ወጥ እንዳደላደሉልን ይታወቃል። የማይጾም ቤተሰብም እነዚህን ሁለት ቀኖች ለጥራጥሬ ቢሰጥ አይጎዳም። ለአምስት ሰው አንድ ማዕድ ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ጥራጥሬ ይበቃል።

ቁርስ ላይ ብስኩቱንና ታሽጎ የሚመጣውን የልጆች እህል አስቀሩ፤ ቂንጬ፣ በሶ ወይም የገብስ ገንፎ ከነሱ በብዙ ይረክሳል። ምሳ ዕቃ ውስጥ የሽሮ ፍርፍር ወይም ንፍሮና ድንች ይግባ። የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ምገባ ስላላቸው እነሱን ከምሳ ሒሳቡ ቀንሷቸው። ለራት ክክ አልጫ፣ ድፍን ምስር፣ የተልባ ወይም የሱፍ ፍትፍት፣ ቆጮ በጎመን ይፈራረቁ። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ተነክረው ይደሩ፤ ውሃው ይደፋ። ቶሎ ስለሚበስሉ የኤሌክትሪኩም ሆነ የጋዙ ወጪ ይቀንሳል።

የጤፍና የምስር ብረት ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዲገባ ከጎኑ ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። አንድ የቃሪያ ስንጥቅ ወይም ሎሚ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። እራት እንደተነሣ ረከቦት በሚቀርብበት ቤት ይህን ማስከበር ከዚህ መመሪያ ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው፤ ቢያንስ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ይከበር።

ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በጥራጥሬ ብቻ አያድግም፤ እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል፣ ጾሙም ሕፃናትን አያስገድድም። እንቁላል ላይ የሀበሻው ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። የአስኳሉ ቢጫነት ዶሮዋ የበላችውን የሚያሳይ እንጂ የንጽሕና ማስረጃ አይደለም፤ በፈረንጁ እንቁላል ሒሳብ አንድ ልጅ በሳምንት የሚያገኘው እንቁላል ይበዛል።

እርምጃ 7፦ አጠባ

ለሦስተኛው ረድፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ በሚወርድ ውሃ በእጅ እያሻሹ ማጠብ፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር በጆግ እያፈሰሱ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በጥብጣችሁ ቲማቲሙንና ቃሪያውን 15 ደቂቃ ዘፍዝፉና እንደገና አለቅልቁት። ይህ ቆዳው ላይ ያለውን አብዛኛውን ፀረ ተባይ ያነሣል፤ ወደ ውስጥ የሰረገውን አያነሣም። የጥቅል ጎመንን የላይ ሁለት ሦስት ቅጠል፣ የካሮትንና የድንችን ልጣጭ፣ የሽንኩርትን ሁለተኛ ሽፋን ጣሉ። ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ምግብ አይነካም፣ አንዳንድ ቤት ይደረጋል።

እርምጃ 8፦ በረንዳ ላይ አራት ጀሪካን

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የቤተሰብ ቀለብ አይበቅልም። ሦስተኛውን ረድፍ ግን በደንብ ያቃልላል፣ በተለይ ገበያ ላይ የማታምኑትን ሰላጣና ቆስጣ።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ አጋድማችሁ የላይኛውን ጎን ቁረጡ፣ ሥሩን በጋለ ሚስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱ። አፈሩ ከመንገድ ዳርና ከጋራዥ አጠገብ አይቆፈር፤ የሸሸነው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ከችግኝ ጣቢያ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ገዝታችሁ ቀላቅሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማዳበሪያ ማጀቱ ይሰጣችኋል፦ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቁ መደርደር፣ በሳምንት አንዴ መገልበጥ። ሥጋና ዘይት የነካው አይግባበት፣ አይጥ ይጠራል።

ፀሐይ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት የሚመታው ጎን ላይ አንዱ ጀሪካን የሀበሻ ጎመን፣ አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ሰላጣ ይሁን። አራተኛው ላይ ቃሪያ፣ በጠርዙ ደግሞ በሶብላና ጤና አዳም። ችግኝ በወረዳችሁ ያለውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከወጣበት በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማምሻ ላይ የቅጠሉን ሥር ሥሩን ርጩት፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ አጥቡት። ሶዳ ያልገባበት የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ተክሎቹን ለማጠጣት ይሆናል።

ሰላጣው በሁለት ወር ውስጥ ይደርሳል። ጎመኑን ከሥር ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ብቻ ወደ ታች እየሰበራችሁ ልቀሙ እንጂ አናቱን አትንኩት፤ እንዲህ ከተያዘ ወራት ያስለቅማል። ሰላጣው ግን አንዴ ከተቆረጠ ብዙ ስለማይተካ፣ የመጀመሪያው ከተተከለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ዙር በሌላ ዕቃ ዝሩ።